ሳር ሥር ያለው ነጭ ትል፦ መድኃኒቱ መቼ ይሠራል፣ መቼስ ገንዘብ ማባከን ነው?

ሴፕቴምበር ሲገባ ጥያቄው ይጀምራል። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሜሪላንድ ያለው ሲልቨር ስፕሪንግ ይሁን ቨርጂኒያ ያለው አሌክሳንድሪያ፣ ግቢ ያለው ቤት የገዛ ሰው ሳሩን በየቦታው ቡናማ ሆኖ ያገኘዋል። ጎንበስ ብሎ ሲስበው እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይነሳል። ከሥሩ ነጫጭ፣ ወፋፍራም፣ እንደ ግማሽ ጨረቃ የታጠፉ ትሎች ተኝተዋል። ከዚያ ቀጥታ ወደ ሱቅ ነው። ሱቁ ውስጥ ደግሞ ትል የተሳለባቸው ሦስት አራት ዓይነት ከረጢቶች ተደርድረዋል፤ አንዱ ወቅቱን ሙሉ እከላከላለሁ ይላል፣ ሌላው በ24 ሰዓት እገድላለሁ ይላል። ጎረቤት «እኔ ኤፕሪል ላይ ነው የምበትነው» ይላል። ሌላው «እዚህ ካውንቲ እኮ ክልክል ነው» ይላል። የሳር ድርጅቱ ደግሞ በየዓመቱ ይረጭና ትንሿን ባንዲራ ሳሩ ላይ ተክሎ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ ወሬ የሚጋጨው አንዱ ስለሚዋሽ አይደለም። ስለተለያዩ መድኃኒቶች፣ ስለተለያዩ ወሮችና ስለተለያዩ ሕጎች እያወሩ ስለሆነ ነው። የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር፦ «የትኛው መድኃኒት ይሻላል?» የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ትሉ አሁን በየትኛው ዕድሜው ላይ ነው?» የሚለው ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ጥሩ መድኃኒት ገዝቶም ምንም ላያገኝ ይችላል። የወሮቹን ስም እንደ ፈረንጆቹ እጽፋለሁ፤ ከረጢቱ ላይ የምታነቡት እሱን ስለሆነ።

ትሉ ማን ነው?

ትል እንለዋለን እንጂ በትክክል ሲነገር ትል አይደለም፣ የጥንዚዛ ልጅ ነው። ጥንዚዛዋ እንቁላል ትጥላለች። ከእንቁላሉ እጭ ይወጣል። እጩ በልቶ ካደገ በኋላ ሙሽሬ ወደሚባለው የእንቅልፍ ደረጃ ይገባል፣ ከዚያ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። ሳሩን የሚጎዳው እጩ ነው፤ ሥሩን ይበላዋል። ሥሩ የተበላ ሳር ውሃ ቢያጠጡትም የሚስብበት ነገር የለውም።

በምሥራቅ አሜሪካ በጣም የታወቀው የጃፓን ጥንዚዛ የሚባለው ነው። ራሱ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ፣ ጀርባው የመዳብ ቀለም ያለው፣ መጠኑ ከቡና ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 ኒው ጀርሲ ውስጥ በሪቨርተን አቅራቢያ በሚገኝ የችግኝ ጣቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተገኘ። ከጃፓን ከመጣ ተክል ጋር፣ አፈር ውስጥ ሆኖ እንደገባ ይታመናል። ዛሬ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ ያለውን አብዛኛውን አገር ይዞታል። አውሮፓም አልቀረችም፤ በ2014 ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ሚላን አቅራቢያ ታየ፣ በ2017 ስዊዘርላንድ ድንበር ላይ ተያዘ።

ብቻውን ግን አይደለም። ማስክድ ቼፈር፣ የአውሮፓ ቼፈር፣ ኦሪየንታል ጥንዚዛ፣ ሜይ ጥንዚዛ የሚባሉ ዘመዶች አሉት። እጮቻቸው በዓይን ሲታዩ አንድ ናቸው። የሚለዩት በአጉሊ መነጽር ነው፣ እሱም ከኋላቸው ባለው የፀጉር አደራደር። ይህ የምሁር ጨዋታ ይመስላል፤ ግን ወደ በኋላ እንደምናየው አንዳንዱ መድኃኒት የሚሠራው በአንዱ ዓይነት ላይ ብቻ ነው።

አሁን የቀን መቁጠሪያው። የጃፓን ጥንዚዛ ዓመት እንዲህ ነው የሚያልፈው፦ በጁን መጨረሻና በጁላይ ጥንዚዛዎቹ ከመሬት ወጥተው ጽጌረዳውንና ወይኑን ይበላሉ። ሴቷ ቀን ቀን ቅጠል ትበላለች፣ ማታ ማታ ደግሞ ወደ ሳሩ እየወረደች ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ጥልቀት ውስጥ እንቁላል ትጥላለች፤ በዕድሜዋ ከ40 እስከ 60 ይደርሳል። እንቁላሉ እርጥብ አፈር ይፈልጋል። ስለዚህ በደረቅ ጁላይ ሰፈሩ ሁሉ ቡናማ ሆኖ የእናንተ ሳር ብቻ ውሃ እየጠጣ አረንጓዴ ከሆነ፣ ግብዣውን ያቀረባችሁት እናንተው ናችሁ። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ይፈለፈላል። በኦገስት እጩ ገና ትንሽ ነው፣ ጉዳቱ አይታይም። በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ትልቅ ይሆናል፣ በደንብ ይበላል፣ ሳሩም የዚያን ጊዜ ይሞታል። ብርድ ሲመጣ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። በማርችና በኤፕሪል ተመልሶ ይወጣል፣ ትንሽ ይበላል፣ በሜይ መጨረሻ ገደማ ሙሽሬ ይሆናል። ከዚያ እንደገና ጁን።

ቡናማ ሁሉ ትል አይደለም

በዋሽንግተን ዙሪያ ያለው ሳር አብዛኛው ቶል ፌስኪው የሚባለው ነው። ይህ ሳር በኦገስት ሙቀት ራሱን አሳርፎ ይደርቃል፣ ዝናብ ሲመጣ ይመለሳል። ቡናማ ክብ የሚሠራ የፈንገስ በሽታም አለ። የውሻ ሽንትም አለ። ለእነዚህ ሁሉ የትል መድኃኒት መበተን ለራስ ምታት ጫማ እንደመቀየር ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ አካፋ ብቻ ይበቃል። ቡናማው ከአረንጓዴው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ 1 ጫማ በ1 ጫማ (30 በ30 ሴንቲሜትር ማለት ነው) አድርጋችሁ በሦስት በኩል ቁረጡ፣ እንደ መጽሐፍ ሽፋን ገልብጡት፣ አፈሩን እስከ 8 ሴንቲሜትር ድረስ በእጅ በትናችሁ ትሎቹን ቁጠሩ። በአራት አምስት ቦታ ድገሙት። ሳሩን መልሳችሁ ውሃ ካጠጣችሁት ይድናል።

ቁጥሩ ምን ይነግረናል? ለጃፓን ጥንዚዛ በተለምዶ የሚጠቀሰው ገደብ በዚያች አንድ ካሬ ጫማ ውስጥ ከ8 እስከ 10 ነው። ለአውሮፓ ቼፈር ዝቅ ይላል፣ ከ5 እስከ 7። ትልልቆቹ ሜይ ጥንዚዛዎች ደግሞ 3 ወይም 4 ሆነውም ይጎዳሉ። ግን ይህ ገደብ እንደ ሕግ አይደለም። ሥሩ የጠለቀ፣ ውሃ የሚያገኝ ፌስኪው 20 ትል ተሸክሞ ምንም ላያሳይ ይችላል፤ በሙቀት የተጎዳ፣ አጥብቆ የተላጨ ሳር ደግሞ በ6 ይወድቃል። ሁለት ሦስት ትል አይቶ መደንገጥ አያስፈልግም፤ ማንኛውም ጤነኛ ግቢ ውስጥ አሉ።

አንዳንዴ ከትሉ ይልቅ የሚያጠፋው ትሉን ፍለጋ የሚመጣው ነው። ራኩንና ስካንክ ሌሊት መጥተው ሳሩን ገልብጠው ያድራሉ። የፍልፈሉ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እኛ አገር ፍልፈል የምንለው ሥር የሚበላ ነው፤ እዚህ አሜሪካ ጓሮ ውስጥ የሚቆፍረው ሞል ሥጋ በል ነው። ዋና ምግቡም የመሬት ትል ነው፣ እጩን የሚበላው እግረ መንገዱን ነው። ስለዚህ ሞልን ለማባረር ብሎ የእጭ መድኃኒት መበተን ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ዋናው ምግቡ አሁንም እዚያው አለ።

ሁለት ዓይነት መድኃኒት

ከረጢቱ ላይ ያለውን ስም እርሱት። በትንሽ ፊደል የተጻፈውን «አክቲቭ ኢንግሪዲየንት» ፈልጉ፤ መድኃኒቱን መድኃኒት የሚያደርገው ንጥረ ነገር ማለት ነው። አንዳንድ የንግድ ስም ባለፉት ዓመታት ውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ተቀይሮ ስሙ ብቻ ቀርቷል፤ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ከረጢቶች ውስጥም የተለያየ ነገር ሊኖር ይችላል።

የመጀመሪያው ክፍል መከላከያ ነው። ትሉ ከመፈልፈሉ በፊት ተበትኖ አፈሩ ውስጥ ይጠብቀዋል። ትሉ ገና ትንሽ ሆኖ የመጀመሪያውን ሥር ሲነክስ ያገኘዋል። እዚህ ሁለት ስሞችን ማወቅ ይበቃል።

ኢሚዳክሎፕሪድ ኒዮኒኮቲኖይድ ከሚባለው ቤተሰብ ነው። ስሙ እንደሚናገረው ከትምባሆው ኒኮቲን ጋር የሚመሳሰል ነገር ነው፤ የነፍሳትን ነርቭ ያለማቋረጥ እየቀሰቀሰ ያሽመደምዳል። በአሜሪካ ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ሥሩ ይስበዋል፣ ወደ ቅጠሉም ወደ አበባውም ይሄዳል። ጊዜው ጁንና ጁላይ ነው፣ ማለትም ጥንዚዛዋ እንቁላል በምትጥልበት ሰሞን።

ክሎራንትራኒሊፕሮል ደግሞ ከኋላ የመጣ ነው፤ በሳር ላይ መጠቀም የተጀመረው በ2008 አካባቢ ነው። ሥራው ነርቭ ላይ አይደለም፣ ጡንቻ ላይ ነው። ጡንቻ እንዲኮማተር የሚያዘው ካልሲየም ነው፤ ይህ መድኃኒት የነፍሳቱን የካልሲየም በር ከፍቶ ይተወዋል፣ ጡንቻው ይዝላል፣ መብላትም ያቆማል። የሰውና የእንስሳ ጡንቻ ላይ ያለው በር ለዚህ መድኃኒት ብዙም ስለማይከፈት ለእኛ የሚያደርሰው አደጋ በጣም ዝቅተኛ ነው። አንድ ጠባይ ግን አለው፦ ውሃ ውስጥ በቀላሉ አይሟሟም። ወደ ሥሩ ለመድረስ ሳምንታት ይፈጅበታል። ስለዚህ ቀድሞ መበተን አለበት፣ ከኤፕሪል እስከ ጁን መጀመሪያ። ቶሎ ስለማይፈርስ ኦገስት ሲደርስ ገና አፈሩ ውስጥ አለ።

ሁለቱም በጊዜያቸው ተበትነው ውሃ ካገኙ ውጤታቸው ጥሩ ነው። የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተባይ ባለሙያዎች መከላከያው በትክክለኛው ጊዜ ሲሰጥ በአብዛኛው ከ75 በመቶ በላይ ትሉን እንደሚቀንስ ይናገራሉ።

ሁለተኛው ክፍል ገዳይ ነው፣ ትሉ ካደገ በኋላ የሚሰጥ። ዋናው ትራይክሎርፎን ነው፤ «በ24 ሰዓት» የሚለው ከረጢት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እሱ ነው። ካርባሪል የሚባለውም አለ፣ ግን ደከም ይላል። ትራይክሎርፎን ኦርጋኖፎስፌት ከሚባለው ያረጀ ቤተሰብ ነው። ነርቭ መልእክት አስተላልፎ ሲጨርስ መልእክቱን የሚያጠፋ ኢንዛይም አለ፤ መድኃኒቱ ይህን ኢንዛይም ያስራል። ችግሩ ኢንዛይሙ እኛም ጋ፣ ውሻችንም ጋ ያለ መሆኑ ነው። ስለዚህ ጓንት፣ ረጅም እጅጌ፣ ሳሩ እስኪደርቅ ልጆችን ማራቅ የሚሉት ትእዛዞች ለጌጥ የተጻፉ አይደሉም። ጥሩ ጎኑ ፍጥነቱ ነው፤ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ይሠራል፣ ከሳምንት ከአሥር ቀን በኋላም ይፈርሳል። ውጤቱ ግን እንደ መከላከያው አይታመንም። ትሉ ትልቅ ሲሆን ለመግደል ይከብዳል፣ አፈሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ወደ ታች መውረድ ይጀምራል። ከኦክቶበር አጋማሽ በኋላ መበተን ብዙም አያዋጣም።

አንድ ሦስተኛ ከረጢትም አለ፣ ብዙ ሰው የሚታለልበት። «ለሳር ተባይ ሁሉ» የሚል ነው፣ ውስጡ ባይፈንትሪን ወይም ፓይሬትሮይድ ከሚባለው የመድኃኒት ቤተሰብ ሌላ ነው። ይህ ለጉንዳንና ለመዥገር ይሠራል። እጩ ጋ ግን አይደርስም። በሳሩና በአፈሩ መካከል የሞተ ግንድና ሥር ይከማቻል፣ ፈረንጆቹ «ታች» ይሉታል (ከእኛው ታች ጋር መገጣጠሙ ደስ ይላል)፤ ፓይሬትሮይዱ እዚያ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ትሉ ደግሞ ከታችም በታች ነው።

የኤፕሪሉ ከረጢት

አሁን ወደ ጎረቤቱ እንመለስ። በኤፕሪል አበባ ለመትከል ሲቆፍር ትል አየ፣ ወደ ሱቅ ሄደ፣ ክሎራንትራኒሊፕሮል ገዝቶ በተነ። ልክ ነው ወይስ ስህተት? ሁለቱም። ያያቸው ትሎች የብርዱን ወራት የተረፉ፣ አድገው የጨረሱ ናቸው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መብላት አቁመው ሙሽሬ ይሆናሉ። መድኃኒቱ እነሱን አይነካቸውም ማለት ይቻላል። የሚሠራው በኦገስት ለሚፈለፈሉት ልጆቻቸው ነው። ስለዚህ የተበተነው በትክክለኛ ወር ነው፣ የተበተነበት ምክንያት ግን የተሳሳተ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቆፍሮ ትሎቹን በሕይወት ሲያገኛቸው «ይሄ ነገር አይሠራም» ብሎ ትራይክሎርፎን ይጨምርበታል። ያ ነው ብክነቱ።

በኤፕሪል በገዳይ መድኃኒት ትልልቆቹን ማጥፋትስ? ብዙ አያዋጣም። ሳሩ በዚህ ወር አዲስ ሥር እያበቀለ ስለሆነ ጉዳቱን ይሸፍነዋል። ትሎቹን ሁሉ ብትጨርሱም ጥንዚዛ ክንፍ አለው፤ በጁላይ ከጎረቤት ግቢ በርሮ ይመጣል።

በሴፕቴምበር የደነገጠው ሰው ጉዳይ ደግሞ ግልባጩ ነው። እሱ የሚገዛው ብዙ ጊዜ መከላከያውን ነው፣ ሱቁ ውስጥ የሚበዛው እሱ ስለሆነ። በሴፕቴምበር መጨረሻ የተበተነ ክሎራንትራኒሊፕሮል ላደገ ትል ምንም አይደለም። ጊዜው የገዳዩ ነበር።

ውሃ

የትኛውም ቢሆን ውሃ ካልተከተለው ከላይ ይቀራል። በ24 ሰዓት ውስጥ ግማሽ ኢንች ያህል ውሃ ያስፈልገዋል፣ 1.3 ሴንቲሜትር ማለት ነው። ባዶ የቱና ቆርቆሮ ሳሩ ላይ አስቀምጣችሁ ብትለኩት ይበቃል። ከባድ ዶፍ ሲጠበቅ ግን አትበትኑ። ወደ መኪና መግቢያው የፈሰሰውን ፍሬም በመጥረጊያ ወደ ሳሩ መልሱት፤ በዝናብ የሚሄደው ወደ ስሊጎ ክሪክ ጅረት፣ ከዚያ ወደ አናኮስቲያ ወንዝ ነው፣ ሁለቱም ዓይነት መከላከያዎች ደግሞ ውሃ ውስጥ ለሚኖሩ ትንንሽ ነፍሳት መርዝ ናቸው።

ሕጉ ከየት መጣ?

ሰው «መንግሥት ሳራችንን ሳይቀር ይቆጣጠራል» ሲል ከኋላው ያለውን ታሪክ ባለማወቅ ነው። የዚህ ጥንዚዛ ጦርነት ያማረ ታሪክ የለውም። በ1920ዎቹ ሊድ አርሴኔት ነበር የሚበተነው፣ እርሳስና አርሴኒክ አንድ ላይ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲዲቲና ክሎርዴን መጡ። በ1954 ኢሊኖይ ውስጥ ሸልደን በምትባል ከተማ ዙሪያ የጃፓኑን ጥንዚዛ ለማጥፋት ዲልድሪን የሚባል መርዝ ከአውሮፕላን ተረጨ። ወፎቹ አለቁ፣ በእርሻ ቤቶች የነበሩት ድመቶችም አብዛኞቹ ሞቱ። ጥንዚዛው ግን ወደ ምዕራብ መሄዱን ቀጠለ። ቆይቶም እጮቹ እነዚያን መድኃኒቶች ተላመዱ። ቀጥሎ ዲያዚኖን የሚባለው መድኃኒት መጣ። ጎልፍ ሜዳ ላይ ሳር የሚግጡ ዝይዎችና ዳክዬዎች እየሞቱ ስለተገኙ በ1980ዎቹ መጨረሻ ከጎልፍ ሜዳና ከሳር እርሻ ታገደ፤ በ2004 መጨረሻ ደግሞ ለመኖሪያ ግቢ መሸጡ ቆመ።

ኒዮኒኮቲኖይዶቹ ሲመጡ እንደ እፎይታ ነበር የታዩት። ለሰውና ለወፍ ከቀደሙት በጣም ይሻሉ ነበር። ቀጥሎ የንቡ ጥያቄ ተነሳ።

ጥያቄው እንዲህ ነው፦ ሳር አበባ የለውም፣ ንብ ምን አገባት? መልሱ ማገጥ ነው፣ ፈረንጆቹ ክሎቨር የሚሉት። በአሜሪካ ግቢ ሳር መካከል የሚበቅለው ነጭ ማገጥ በሥሩ መድኃኒቱን ይስባል፣ አበባው ውስጥ ያስቀምጠዋል። የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 ባወጡት ጥናት ማገጥ ያለበትን ሳር ክሎቲያኒዲን በተባለ ኒዮኒኮቲኖይድ ረጭተው የባምብልቢ (ትልቋ ፀጉራም ንብ) ቀፎዎችን አኖሩበት። ቀፎዎቹ ተጎዱ፣ አዲስ ንግሥትም አላፈሩም። ክሎራንትራኒሊፕሮል በተረጨበት ላይ ያሉት ግን እንዲህ አልሆኑም። ሦስተኛ ነገርም አገኙ፣ እኔ ከሁሉ የምወደውን፦ የተረጨውን አበባ አጭደው ሲጥሉት፣ በኋላ የወጣው አዲስ አበባ ንቦቹን አልጎዳም።

ከዚህ አንድ ጥናት ሁለት ወገን ሁለት ነገር ያነባል። የሳር ባለሙያዎችና የጎልፍ ሜዳ ሰዎች «እንግዲህ አጭዶ መርጨት ነው፣ መከልከል ለምን?» ይላሉ። የአካባቢ ተሟጋቾች ደግሞ «ቅዳሜ ጠዋት ከረጢት ይዞ የወጣው ሰውዬ መጀመሪያ አጭዶ፣ ነፋስ ጠብቆ፣ መጠኑን ለክቶ ይበትናል ብላችሁ ታምናላችሁ?» ይላሉ። እኔ በሳይንሱ የመጀመሪያውን፣ በሰው ጠባይ የሁለተኛውን እቀበላለሁ። ሕግ የሚወጣው ደግሞ ለሰው ጠባይ ነው።

ሜሪላንድ ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ሆና በ2016 ሕግ አወጣች። ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ ተራ ሸማች ለግቢው ኒዮኒኮቲኖይድ ከሱቅ መግዛት አይችልም፤ ፈቃድ ያለው ባለሙያና ገበሬ ይችላሉ። ኒው ጀርሲና ኒው ዮርክ በኋላ ተከትለው የየራሳቸውን ገደብ አውጥተዋል። ቨርጂኒያ እንዲህ ያለ ክልከላ የላትም። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ገዝቶ መምጣት ቀላል የሆነው ለዚህ ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ያለው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ጉዳይ ከዚህ የተለየና የከረረ ነው። ካውንቲው በ2015 ያጸደቀው ሕግ መግዛትን ሳይሆን መበተንን ነው የሚመለከተው። ፍርድ ቤት ቀርቦ ተሸንፎ ነበር፣ በ2019 በይግባኝ አሸንፎ ጸና። በግል ሳር ላይ የሚፈቀደው ኦርጋኒክ ተብለው የተዘረዘሩት ወይም የፌዴራሉ መንግሥት አነስተኛ አደጋ አላቸው ያላቸው ብቻ ናቸው። ኢሚዳክሎፕሪድም፣ ትራይክሎርፎንም፣ ያ ለንብ ደህና የተባለው ክሎራንትራኒሊፕሮልም በመደበኛው የግቢ ሳር ላይ አይፈቀዱም። ጎልፍ ሜዳና እርሻ ከዚህ ውጭ ናቸው፣ ሌሎች ልዩ ሁኔታዎችም አሉ፤ ዝርዝሩን ከካውንቲው ማየት ይሻላል። ዋናው ነገር ሱቁ መሸጡ ለመበተን ፈቃድ አለመሆኑ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተን፣ ጀርመንታውን የምትኖሩ ሁሉ እዚህ ውስጥ ናችሁ።

ኬሚካል ያልሆኑትስ?

እዚህ ላይ ብዙ ሕልም ይሸጣል። ከሁሉ የተሻለው ኔማቶድ ነው፤ በዓይን የማይታይ ቀጭን ትል፣ እጩ ውስጥ ገብቶ ባክቴሪያ ለቆ የሚገድለው። አንደኛው ዓይነት መጀመሪያ የተገኘው በ1929 እዚያው ኒው ጀርሲ ውስጥ በጃፓን ጥንዚዛ እጭ ላይ ነው። አሁን ለእጭ የሚመከረው ሄቴሮራብዳይቲስ ባክቴሪዮፎራ የሚባለው ነው፤ ስሙን ይዛችሁ ፈልጉ፣ ሌላ ዓይነት ለሌላ ተባይ ነውና። ሕያው ስለሆነ ፀሐይና ድርቀት ይገድለዋል። በኦገስት መጨረሻ ወይም በሴፕቴምበር፣ አመሻሽ ላይ፣ እርጥብ አፈር ላይ ይረጫል፣ ከዚያ በኋላም አፈሩ ለአንድ ሁለት ሳምንት መድረቅ የለበትም። ሲሠራ ጥሩ ይሠራል። ሞቶ የመጣ ዕቃ ገዝቶ ውሃ ብቻ የረጨ ሰውም ብዙ ነው።

ሚልኪ ስፖር የሚባለው ዱቄት ደግሞ የባክቴሪያ ዘር ነው። የእርሻ ሚኒስቴሩ ከ1939 ጀምሮ በሰፊው በትኖታል። የሚሠራው በጃፓን ጥንዚዛ እጭ ላይ ብቻ ነው፤ ሳራችሁ ሥር ያለው ማስክድ ቼፈር ከሆነ ገንዘቡ ባከነ። ለጃፓኑም ቢሆን በኋላ ዘመን የተደረጉ ሙከራዎች ውጤቱን ደካማ ሆኖ አግኝተውታል።

ጥንዚዛ የሚያጠምደው ቢጫ ከረጢትስ? ከሚይዘው በላይ ይጠራል። ጽጌረዳችሁ አጠገብ ከሰቀላችሁት የሰፈሩን ጥንዚዛ ሁሉ ለራት ጋበዛችሁ ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር ለብዙ ግቢ የሚበቃው አጨዳውን ከፍ ማድረግ (8 ሴንቲሜትር አካባቢ)፣ በጁላይ ውሃ መቀነስና የሞተውን ቦታ በሴፕቴምበር ቶል ፌስኪው መዝራት ነው። ይህ ሳር ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ብሉግራስ ከሚባለው ሳር ይልቅ ትሉን ይችላል። የቤት ባለቤቶች ማኅበር (ኤች ኦ ኤ) ስለ ቡናማው ሳር ደብዳቤ ከላከ «ዘር ዘርቼበታለሁ» ማለት መልስ ነው። በየዓመቱ «የትል መከላከያ» በውል ውስጥ ከትቶ የሚያስከፍለውን ድርጅት ደግሞ ሁለት ነገር ጠይቁት፦ አምና ስንት ትል ቆጠርክ? የምትበትነውስ ንጥረ ነገር ስሙ ማነው? ያልቆጠረ ሰው መድኃኒት የሚሰጠው ለበሽታ ሳይሆን ለወር ነው።

ወደፊት የሚመጣው

ኒዮኒኮቲኖይዶች ከሸማቹ እጅ እየወጡ ነው። ኦርጋኖፎስፌቶቹ ቀስ በቀስ እየጠበቡ ነው። የሚቀረው በአብዛኛው ክሎራንትራኒሊፕሮል ነው። ኦሬገን ግዛት ፖርትላንድ አጠገብ ጥንዚዛው ሳይስፋፋ ለማጥፋት ሰፈር በሰፈር የበተነው እሱን ነው፤ የካናዳዋ ቫንኩቨር በ2017 ጥንዚዛው መሃል ከተማ ሲገኝባት ፓርኮቿ ላይ የረጨችውም እሱን ነው። እዚያ ጥንዚዛው ገና እንግዳ ስለሆነ ሁሉንም ግቢ መርጨት ትርጉም አለው፤ መቶ ዓመት በኖረበት ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ማጥፋት የሚባል ነገር የለም፣ መቀነስ ብቻ ነው።

ሁሉም ሰው በየዓመቱ፣ ትል ይኑር አይኑር፣ አንዱን መድኃኒት ብቻ ሲበትን ምን እንደሚሆን ከክሎርዴን ዘመን እናውቃለን፤ የሚተርፉት እጮች የማይሞቱት ይሆናሉ። ክሎራንትራኒሊፕሮል ደግሞ አፈር ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ይህን መላመድ የሚያፋጥን ጠባይ አለው። የባለሙያ ገበያ ላይ ያሉት አዳዲሶቹ መድኃኒቶች፣ ሳይአንትራኒሊፕሮልና ቴትራኒሊፕሮል የሚባሉት፣ ስማቸው እንደሚመሳሰለው ቤተሰባቸውም አንድ ነው፤ ያንኑ የካልሲየም በር ነው የሚያንኳኩት።